አበበ በሮጠበት በኩል ሮምን በእግር

ሮምን በእግር ለማየት ካሰባችሁ ሁሉንም ላዳርስ አትበሉ። አንድ ታሪክ ምረጡና እሱን ተከተሉ። እኔና ጓደኞቼ የመረጥነው አበበ ቢቂላን ነው።

አበበ የሮም ኦሎምፒክ ማራቶንን በባዶ እግሩ ያሸነፈው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ማታ ነው፤ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ። ማራቶኑ ከካምፒዶሊዮ ኮረብታ ተነስቶ ከከተማ ይወጣል። ከዚያ በጥንታዊው የአፒያ መንገድ ተመልሶ የቆስጠንጢኖስ የድል ቅስት ጋ ያበቃል። እኛ የፈለግነው የመጨረሻውን ክፍል ነው፤ እሱ በሮጠበት አቅጣጫ። ብዙ ጎብኚ ከኮሎሲየም ተነስቶ ወደ ውጭ ይሄዳል። ከውጭ ወደ ውስጥ ሲገባ ግን ከተማዋ ቀስ በቀስ ትመጣለች፤ ቅጥሩ፣ በሩ፣ ከዚያ መሀሉ።

አስጎብኚ አልቀጠርንም። ቦታዎቹን ተከፋፈልንና እያንዳንዳችን የደረሰንን አንብበን መጣን። እንዲህ ሲሆን ማንም ወደ ኋላ አይቀርም፤ ሁሉም ተራው እስኪደርስ ይጓጓል። ፊት የምናስቀድመው ደግሞ ቀስ ብሎ የሚሄደውን ነው። ፈጣኑ ከመራ ቡድን ይበተናል።

ቀኑ እሑድ ይሁን፤ አፒያ ላይ መኪና ይቀንሳል። በአውቶቡስ እስከ ቅዱስ ሰባስቲያን ካታኮምብ ሄድን፤ ከዚያ በእግር የሴሲሊያ ሜቴላን ክብ መቃብር ጥቂት አልፈን ዞርን። ጥንታዊው ንጣፍ በደንብ የሚታየው እዚያ ነው። መንገዱ መሠራት የጀመረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ312 ነው። ድንጋዮቹ ጥቁርና ትልልቅ ናቸው፤ ላያቸው ለስልሷል፣ በመሀላቸው ያለው ክፍተት ግን ጣት ይይዛል። አንዷ ጓደኛችን ጫማዋን አውልቃ ጥቂት ተራመደች። ቆም አለችና «በጨለማ? እየሮጠ?» አለች። ያን ማታ ወታደሮች ችቦ ይዘው መንገዱን ያበሩ ነበር። እሷ ግን እግሯን እያየች ዝም አለች። ከዚያ ወዲያ ስለ ባዶ እግሩ ማንም ቀለል አድርጎ አላወራም።

ውሃ መግዛት አያስፈልግም። ናሶኔ የሚባሉት የመንገድ ዳር ቧንቧዎች ቀን ከሌት ንጹሕ ውሃ ያወርዳሉ። አፉን በጣት ስትደፍኑት ከላይ ባለችው ቀዳዳ ሽቅብ ይወጣል፤ ጎንበስ ሳይሉ ይጠጣል። ከቅጥሩ ውጭ ግን እንደ መሀል ከተማ በየጥጉ አይገኙምና የውሃ መያዣችሁን ሞልታችሁ ውጡ። ጫማ ወፍራም ሶል ያለው ይሁን።

በቅዱስ ሰባስቲያን በር ገብተን የካራካላን መታጠቢያ አልፈን ፖርታ ካፔና አደባባይ ደረስን። የአክሱም ሐውልት የቆመው እዚህ ነበር፤ ዛሬ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ከሆነው ሕንፃ ፊት ለፊት። በ1929 ዓ.ም. ከአገር ተጭኖ ወጣ፤ በ1997 ተመለሰ፤ በ2000 አክሱም ላይ ቆመ። 24 ሜትር ርዝመት፣ ከ150 ቶን በላይ ክብደት። አበበ በአጠገቡ ሲያልፍ ሐውልቱ ገና እዚያው ነበር። ከሞሮኮው ሯጭ ከራዲ ተነጥሎ የፈተለከውም በዚሁ አካባቢ ነው። እኔ የደረሰኝ ቦታ ይህ ነበር። ያነበብኩትን ስናገር ድምፄ ተንቀጠቀጠ፤ ጓደኞቼም አላቋረጡኝም።

ከዚያ እስከ ቅስቱ ጥቂት ደቂቃ ነው። አበበ የገባበት ሰዓት 2:15:16 ነው፤ በጊዜው የዓለም ክብረ ወሰን። 50ኛው ዓመት ሲከበር ደግሞ ሲራጅ ገና የሮም ማራቶንን የመጨረሻዎቹን ጥቂት መቶ ሜትሮች ጫማውን አውልቆ ሮጦ አሸንፏል።

በዚያ ቀን ኮሎሲየም አልገባንም። ሰልፉን ከዚህ ጉዞ ጋር መደረብ ሁለቱንም ያበላሻል።

ቀጣዩን መስመር እራት ላይ መረጥን። የሚጀምረው ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ካለው የዶጋሊ ሐውልት ነው። ከአዲስ አበባ የተወሰደው የይሁዳ አንበሳ እዚያ ሥር ተቀምጦ ነበር፤ ዘርዓይ ደረስ በ1930 ዓ.ም. ሰይፉን የመዘዘውም እዚያው ነው። ማን ስለ ዘርዓይ እንደሚያነብ ገና አልተስማማንም፤ ሁላችንም ፈልገነዋል።