የሌዘር ማይክሮስኮፕ የመለየት አቅም በምን ይለካል?

በባሕር ዳር ዙሪያ ከጣና ውኃ እየሳቡ መስኖ የሚያጠጡ ፓምፖች ሻፍታቸው (የሚሽከረከረው የብረት ዘንጋቸው) ከውኃው ጋር በሚገባው አሸዋ እየተፋቀ ያልቃል። የተፋቀውን ብረት ገጽን በሌዘር ነጥብ መስመር በመስመር እየቃኘ ምስል በሚሠራ የሌዘር ማይክሮስኮፕ ከመመርመሬ በፊት፣ መሣሪያው ምን ያህል የተቀራረቡ ጭረቶችን ለያይቶ እንደሚያሳይ ማወቅ አለብኝ።

ብዙ ጊዜ እንደ መልስ የሚቀርበው የፒክስል ስፋት ነው፤ ይህ ግን መልስ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1873 ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ኤርንስት አቤ እንዳሳየው፣ ወሰኑን የሚያበጁት የብርሃኑ የሞገድ ርዝመትና ሌንሱ ብርሃን የሚሰበስብበት ማዕዘን ናቸው። የ405 ናኖሜትር ሌዘር 0.95 ኑሜሪካል አፐርቸር (የዚህ ማዕዘን መለኪያ ቁጥር) ካለው ሌንስ ጋር ሲጣመር፣ በሬይሊ መስፈርት (ሁለት ነጥቦች ተለያይተው ታዩ ለማለት በሚያገለግለው ደንብ) ወሰኑ 260 ናኖሜትር ገደማ ነው፤ የኮንፎካል ቀዳዳው (ከትኩረት ውጭ የሚመጣውን ብርሃን የሚያግደው ቀዳዳ) ሲጠብ በመጠኑ ይሻሻላል። ምስሉን በ50 ናኖሜትር ፒክስል መከፋፈል ይህን ወሰን አያሳንሰውም። ከተማችን 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በመሆኗ አየሩ ቢሳሳም፣ የሞገድ ርዝመቱ የሚለወጠው ከአሥር ሺህ አንድ እጅ ባነሰ መጠን ስለሆነ ከቁጥር አይገባም።

ስሌቱ የሚሠራው እንከን ለሌለው ሌንስ ስለሆነ መለካት ግድ ነው። እኔ የምመርጠው የጠርዝ ዘዴን ነው፦ በመስታወት ላይ በስሱ በተለበጠ ክሮም ቀጥ ያለ ጠርዝ ላይ ሌዘሩን አሳልፌ፣ የሚመለሰው ብርሃን ከደብዛዛ ወደ ደማቅ የሚሸጋገርበትን መስመር እመዘግባለሁ። መስመሩ በየነጥቡ የሚወጣበት ፍጥነት ሲሰላ ኮረብታ መሰል ቅርጽ ይሰጣል፤ በቁመቱ እኩሌታ ላይ የሚለካው ስፋትም የሌዘሩን ነጥብ ስፋት ያሳያል። ልኬቱን በሁለቱም አቅጣጫ መውሰድ ያስፈልጋል፤ ሌዘሩ ቀስ ብሎ በሚሄድበት አቅጣጫ የሕንፃው ንዝረት ይበልጥ ይታያልና።

ለገጽ ምርመራ ግን ይህ አይበቃም፤ ብዙዎች ችላ የሚሉት ጉዳይም እዚህ ላይ ነው። ሁለት ጭረቶች ተለያይተው መታየታቸው ጥልቀታቸው በትክክል ተለክቷል ማለት አይደለም። ወፍራም ጣት ከጠባብ ስንጥቅ ግርጌ እንደማይደርስ ሁሉ፣ የሌዘሩ ነጥብም በጠባብ ጭረት ውስጥ ግርጌውንና ከንፈሩን አንድ ላይ ስለሚያይ ጥልቀቱን አሳንሶ ይሰጣል፤ በዚህም የተጎዳ ሻፍት ለስላሳ መስሎ ሊመዘገብ ይችላል። ስለዚህ በየርቀቱ የተቀረጹ፣ ጥልቀታቸው አስቀድሞ በአቶሚክ ፎርስ ማይክሮስኮፕ (ገጽን በስል መርፌ ጫፍ እየዳሰሰ በሚለካ መሣሪያ) የታወቀ መስመሮችን ለክቼ፣ የሚነበበው ጥልቀት ወደ 50 በመቶ የሚወርድበትን የመስመር ርቀት አገኛለሁ። ዓለም አቀፉ የገጽ ልኬት ደረጃም ወሰኑን የሚያስቀምጠው በዚሁ ነው። ይህንን ቁጥር ከእያንዳንዱ የሸካራነት ውጤት ጎን እጽፋለሁ፤ ከእርሱ የጠበቡ ጭረቶች ጥልቀት በሠንጠረዤ ውስጥ አይገባም።