ዋረን ሮቢንስ እና የእኛ ሐረር

ዛሬ ጀጎል ውስጥ የሸሪፍ ሙዚየምን ስጎበኝ ዋረን ሮቢንስ ትዝ አለኝ። አሜሪካዊ ዲፕሎማት ነበር። ጀርመን ሳለ የአፍሪካ ቅርጻ ቅርጽ መግዛት ጀመረ። ከዚያ በ1964 እ.ኤ.አ. ዋሽንግተን ውስጥ፣ የባርነት ተቃዋሚው ጥቁር አሜሪካዊ ፍሬድሪክ ዳግላስ በኖረበት ቤት፣ የአፍሪካ ጥበብ ሙዚየም ከፈተ። በ1979 እ.ኤ.አ. ሙዚየሙ ወደ ስሚዝሶንያን፣ ወደ አሜሪካ ብሔራዊ የሙዚየሞች ተቋም፣ ተጠቃለለ።

የእኛው አብዱላሂ ሸሪፍም ከራሱ ቤት ነው የጀመረው። አሁን ስብስቡ ያለው በራስ ተፈሪ ቤት ነው። የእጅ ጽሑፉ ብዛት! ጥራዛቸው የተጠገነ መጻሕፍት ሳይ ደስ አለኝ።

እኔን ግን የሚያጓጓኝ ከዕቃው ጀርባ ያለው ወረቀት ነው። ማን ሰጠው? ከየትኛው ቤት ወጣ? የሰብሳቢው ደብዳቤና ማስታወሻ ካልተቀመጠ የብር አምባሩ ወላጅ አልባ ይሆናል። የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች ዛሬም በመካከላችን አሉ። እባካችሁ፣ የድሮ ደብዳቤና ውል ቤታችሁ ካለ እንዳትጥሉት፤ ለሙዚየሙ አሳዩት።