የአባባ ቀኝ እግር

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ልቤ አልረጋ ብሎኝ ዋለ። የኅዳር ውርጭ ሲገባ ሁልጊዜ እንዲህ ያደርገኛል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣ ፀሐይ ብቻዋን ምን ታድርግላት? ገና አሥር ሰዓት ሲል ብርዱ ከግድግዳው ድንጋይ መውጣት ይጀምራል። ጋቢዬን ተከናንቤ ወረቀት ዘረጋሁና ታናሽ እህቴ ባለፈው ካነሳቻቸው ፎቶግራፎች በትልቁ ያሳተምኩትን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። አባባ ሥራ ቦታ ቆሟል። ከጀርባው እስከ ደረቱ የደረሰ ግንብ፣ በእጁ መዶሻ፤ ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ እኛ የማናየውን ሰው ይሰማል።

ፊቱ ጋ ስደርስ እጄ አመነታ። አያቴ እጄን ይዛ በወሰደችኝ ቤተ ክርስቲያን ሁሉ በጥንቱ ሥዕል ላይ ደጉ ሰው ሁለት ዓይኑ ይታያል፤ በጎን በአንድ ዓይን የሚሳለው ክፉው ነው። ልጅ ሆኜ ይህን ካወቅሁ ወዲህ ሰው በጎኑ ስስል አንድ ነገር ይቆረቁረኛል። አባቴንማ እንዴት ብዬ! ወደ እኔ ላዙረው ብዬ ትንሽ አሰብኩ። ግን ያየሁትን ልሳል ብዬ ተቀምጬ፣ ገና ከመጀመሪያው ያላየሁትን ልጨምር?

ሦስት ጊዜ ሳልኩት። ሦስቱም ጊዜ ወደቀ። እጁ እጅ ነው፣ ኮቱም ኮት ነው፤ ሰውዬው ግን መሬት አልረገጠም። በአገራችን ሰው ለብርዱ ሲል ልብስ ላይ ልብስ ይደርባል፤ ሰውነቱን ከጨርቁ እጥፋት ላይ ገምቶ ማውጣት የሠዓሊው ዕዳ ነው። ስለዚህ መገመቱን ትቼ መለካት ጀመርኩ። ክንዴን ዘርግቼ፣ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ፣ የጭንቅላቱን ርዝመት በእርሳሴ ላይ በአውራ ጣቴ ያዝኩና ወደ ታች ቆጠርኩ። ቀጥ ብሎ የቆመ ጎልማሳ ቁመቱ በአማካይ የራሱን ጭንቅላት ሰባት ተኩል ጊዜ ያህላል፤ የሥዕል መማሪያዎች እንዲያምር ብለው ስምንት ያደርጉታል። እኔም ሳላስበው ስምንት አድርጌው ኖሯል። ፎቶግራፉ ላይ ግን ሰባት እንኳ በቅጡ አይሞላም። ታናሿ ከእርከኑ ላይ ሆና ቁልቁል ስላነሳችው እግሩ አጥሮ መታየቱ አይቀርም፤ ያንን ቀነስኩለት። የቀረው ጉድለት የካሜራው አልነበረም። አባባ ጎብጧል።

ከበሩ ጀርባ ከተሰቀለው የሥራ ከረጢቱ ቱንቢውን፣ ግንብ ቀጥ ማለቱን የሚለካበትን ባለ ክር ናስ፣ አወጣሁ። ክሩ በኖራና በሲሚንቶ ደርቆ ጣት ላይ ይሻክራል፤ ናሱ ደግሞ አንድ ጎኑ ከመዳበስ ብዛት አብረቅርቋል። ፎቶግራፉ ፊት አንጠልጥዬ እስኪረጋ ጠበቅሁ። አስቀድሜ የግንቡን ጠርዝ ለካሁ። ከክሩ ጋር አንድ ነው፤ እሱ የሠራው ስለሆነ ሌላ አልጠበቅሁም። ከዚያ ክሩን ወደ አንገቱ ሥር፣ ሁለቱ የትከሻ አጥንቶች ወደሚገናኙባት ጎድጓዳ ቦታ አመጣሁት። ወረደ፣ ወረደና ልክ የቀኝ ቁርጭምጭሚቱ ላይ አረፈ።

ሥዕሌ ለምን እንደሚወድቅ ያን ጊዜ ገባኝ። እኔ በሁለት እግሩ እኩል አቁሜው ነበር፤ እሱ የቆመው ግን በቀኙ ብቻ ነው። ሰው በአንድ እግሩ ሲቆም የዚያ ጎን ዳሌ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሚዛን ለመጠበቅ በዚያው በኩል ያለው ትከሻ ደግሞ ዝቅ ይላል። ኮቱን ብቻ ሳይ የአባባ ትከሻ ውኃ ልክ የተያዘለት መስሎኝ ነበር። አራተኛውን በዚህ መንገድ ሳልኩት። ቆመ። ደስታዬን ልገልጸው አልችልም።

አባባ መሳሌን ተቃውሞ አያውቅም። አንኮበር የተወለዱት አፈወርቅ ተክሌ የማዕድን ምህንድስና ሊማሩ እንግሊዝ ሄደው ሠዓሊ ሆነው መመለሳቸውን ከአካባቢው ሰዎች ሰምቶ፣ አንድ ቀን «ድንጋይም ሥዕልም የሚፈልገው ዓይን ነው» ብሎኛል። ይህችን ቃል ይዤ ስንት ዓመት ኖርኩ።

ለማመሳከር ብዬ ሌሎቹን ፎቶግራፎች አወጣሁ። የታላቄ ሠርግ ላይ በቀኙ ቆሟል። የጥምቀት ዕለት ከጎረቤቶቻችን ጋር፣ በቀኙ። ከእማማ ጋር በራችን ላይ፣ አሁንም በቀኙ፤ ግራ እግሩ ወደ ፊት ወጣ ብሎ በጣቶቹ ብቻ መሬቱን ነካ አድርጎታል። ሥራ ቦታ ላይ ያለውን ስስል ዕረፍት ያደረገ ሰው አቋም ነው ብዬ ነበር። የሚያርፍ ሰው ግን እግር ይለዋውጣል።

ከሠርጉ በፊት የነበሩትንም ፈለግሁ፤ የተገኙት ሁለት ናቸው፣ በሁለቱም ተቀምጧል። ከዚያ በኋላ እርሳስ አላነሳሁም። የትኛው ግንብ ላይ ይሆን? የዛሬ ስንት ዓመት? ድንጋይ ወድቆበት ነው ወይስ ቀስ እያለ የመጣ? ባለፈው ሰኞ እንኳ ከገበያ ስንመለስ ግማሽ ኩንታል ጤፍ አሸክሜዋለሁ። እምቢ አላለኝም።

አሁን ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ሆኗል። ወደ ግቢ ወጥቶ ሲመለስ ኮቴውን ሰማሁት፤ አንዱ ረገጥ፣ አንዱ ሳብ። ሁልጊዜ እንዲህ ነበር? ነገ ቡና ላይ «አባባ፣ ግራ እግርህን ምን ሆነህ ነው?» ብለው «ብርዱ ነው ልጄ» ብሎ ይዘጋኛል፤ ይህንን ከአሁኑ አውቀዋለሁ። እማማን ብጠይቃት ይሻል ይሆናል። ማታ ማታ ለብ ባለ ውኃ እግሩን የምታጥበው እሷ ናት። ለመሆኑ እሷ ካወቀች ስንት ዓመቷ ነው?