ምንጣፍ አኔሞኒን በቀለሙ ከመጥራታችን በፊት

ምንጣፍ አኔሞኒ በባሕር ወለል ላይ እንደ ምንጣፍ ተዘርግቶ የሚኖር፣ አበባ የሚመስል እንስሳ ነው፤ በገበያ የሚታወቀውም በቀለሙ ነው። «ቀይ ምንጣፍ»፣ «ሰማያዊ ምንጣፍ»፣ «አረንጓዴ ምንጣፍ» ይባላል፤ ዋጋውም በዚያው ስም ይቆረጣል። ቀዩና ሰማያዊው እጅግ ውድ ሲሆኑ ቡናማውና ቡላው ብዙ ፈላጊ የላቸውም። እዚህ ሐዋሳ ዓሣ በመስታወት ገንዳ የሚያቆዩ የማውቃቸው ሰዎች አብዛኞቹ ጨዋማ ባልሆነ ውኃ የሚሠሩ ናቸው፤ ሆኖም ወደ ባሕር ውኃ አኳሪየም ለመሻገር የሚያስቡት ከዱባይ ወይም ከጅዳ ዘመዶቻቸው የላኩላቸውን ፎቶ እያሳዩኝ «ይህኛው የትኛው ቀለም ነው?» ብለው ይጠይቁኛል። እኔ ግን ቀለሙን የማየው በመጨረሻ ነው። ዝርያው ሳይታወቅና ጤንነቱ ሳይረጋገጥ የሚሰጥ የቀለም ስም ገዢውን ከመጥቀም ይልቅ ሊያሳስተው ይችላል።

ምንጣፍ አኔሞኒ የሚለው ስም በአንድ ወገን ሥር ያሉ በርካታ ዝርያዎችን ይጠቀልላል። ለአኳሪየም በብዛት የሚቀርቡት ስቲኮዳክቲላ ሃዶኒ እና ስቲኮዳክቲላ ጂጋንቲያ ሲሆኑ፣ ስቲኮዳክቲላ መርተንሲ አልፎ አልፎ ይገኛል። ጂጋንቲያ ለሳይንስ የተገለጸው ከእኛ ብዙም ከማይርቀው ከቀይ ባሕር ነው፤ የስዊድናዊው የተፈጥሮ ሊቅ የሊኒየስ ተማሪ የነበረው ፒተር ፎርስኮል በዴንማርክ የዓረቢያ ጉዞ ላይ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1763 የመን ውስጥ ከሞተ በኋላ፣ የጻፈው ገለጻ በ1775 ታትሟል። ሃዶኒም በቀይ ባሕር ይኖራል። ስለዚህ አንድ አረንጓዴ ምንጣፍ ሃዶኒም ጂጋንቲያም ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱ ግን የሚፈልጉት መኖሪያ አንድ አይደለም።

ዝርያውን ለመለየት ከላይ ከሚታየው ገበታ፣ ማለትም አፉ በመካከሉ ካለበት ጠፍጣፋ ክፍል ይልቅ ግንዱንና ጣት መሰል ክሮቹን መመልከት ይበጃል። ሃዶኒ አሸዋማ ወለል ላይ ይኖራል፤ እግሩን ከሥር ቀብሮ ገበታውን በአሸዋው ላይ ይዘረጋል፤ ሲነካም በፍጥነት ተሰብስቦ ወደ አሸዋው ይገባል። ክሮቹ አጫጭር ናቸው፤ ጫፋቸውም ብዙውን ጊዜ ድቡልቡል ነው። በግንዱ ላይ ያሉት ኪንታሮት መሰል ነጥቦች ከግንዱ ቀለም ብዙም ስለማይለዩ ጎልተው አይታዩም። የጂጋንቲያ ክሮች ግን ወደ ጫፋቸው እየቀጠኑ የሚሄዱ ናቸው፤ በሕይወት ሳለም ያለማቋረጥ ይንቀጠቀጣሉ። የገበታው ጠርዝ በጥልቅ ይታጠፋል፤ በግንዱ የላይኛው ክፍል ላይም ሰማያዊ ወይም ጠቆር ያለ ቀይ ነጥቦች ይታያሉ። መርተንሲ በአለት ላይ ተለጥፎ የሚኖር ሲሆን፣ ነጣ ባለው ግንዱ ላይ ብርቱካንማ ወይም ደማቅ ሐምራዊ ነጥቦች በረድፍ ተደርድረውበታል፤ ስፋቱም ከ1 ሜትር ሊያልፍ ይችላል። ይህን ያህል የሚሰፋ ፍጥረት ለቤት ገንዳ አይሆንም፤ እኔም ለማንም አልመክርም።

አሁን ወደ ቀለሙ እንምጣ። በአንድ አኔሞኒ ላይ የምናየው ቀለም ከሦስት ምንጮች ይመጣል። የመጀመሪያው በሥጋው ውስጥ የሚኖሩት ባለ አንድ ሕዋስ ዋቅላሚዎች (አልጌዎች) ናቸው። እነዚህ በብርሃን ምግብ እያዘጋጁ ለአኔሞኒው ያካፍሉታል፤ ቀለማቸውም ቡናማ ነው። ስለዚህ ቡናማነት የጤንነት መሠረት እንጂ የቀለም ጉድለት አይደለም። ሁለተኛው ምንጭ ፍሎረሰንት ፕሮቲኖች ናቸው፤ ሰማያዊ ብርሃን ተቀብለው አረንጓዴ ወይም ሌላ ብርሃን መልሰው ይሰጣሉ። ኦሳሙ ሺሞሙራ እ.ኤ.አ. በ1962 ከአንድ የጄሊፊሽ ዝርያ ያወጣው፣ በ2008ም ከማርቲን ቻልፊና ከሮጀር ቺየን ጋር የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ያስገኘለት አረንጓዴ ፕሮቲን የዚሁ ቤተሰብ ነው። ሦስተኛው ምንጭ የራሳቸው ብርሃን የሌላቸው፣ ነገር ግን አንዳንዱን ብርሃን እየዋጡ ሌላውን የሚያስቀሩ ፕሮቲኖች ሲሆኑ፣ በነጭ ብርሃን ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ ሆነው የሚታዩን ብዙዎቹ ቀለሞች ከእነዚህ የሚመጡ ናቸው።

ይህን ልዩነት የማያውቅ ሰው በፎቶ መታለሉ አይቀርም። የባሕር አኳሪየም መብራት በአብዛኛው ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ በዚህ ብርሃን ሥር ጥቂት አረንጓዴ ፕሮቲን ያለው ቡናማ አኔሞኒ እንደ ኤመራልድ ያበራል፤ በነጭ ብርሃን እጅግ የሚያምረው ሐምራዊ ደግሞ ደብዝዞ ጥቁር ይመስላል። የስልክ ካሜራም ሰማያዊውን ብርሃን በራሱ እያስተካከለ የሌለ ቀለም ይጨምራል። ከካሜራው ፊት ብርቱካንማ ማጣሪያ ማድረግ ይረዳል፤ ከሁሉ የተሻለው ግን ሰማያዊውን መብራት አጥፍቶ በነጭ ብርሃን ማየት ነው። እኔ ቤት ያለው ሃዶኒ በመብራቱ ሥር ወጥ የሆነ ብሩህ አረንጓዴ ነው። መብራት በሚጠፋበት ቀን፣ የውኃ ማዘዋወሪያውን በባትሪ አስነስቼ በመስኮት በሚገባው የረፋድ ብርሃን ስመለከተው፣ ገበታው ዳልቻ ሆኖ የክሮቹ ጫፍ ብቻ አረንጓዴ እንደሆነ፣ ከአፉም ወደ ጠርዙ ነጣ ያሉ መስመሮች እንደሚወጡ በግልጽ ይታየኛል። ትክክለኛ መግለጫው ይህ ነው፤ «አረንጓዴ» የሚለው አንድ ቃል ግን ከዚህ ግማሹን እንኳ አይናገርም።

ለዚህም ነው የቀለም ዓይነት ስንሰይም የገበታውን ቀለም፣ የክሮቹን ቀለም፣ የክሮቹን ጫፍ እና የአፉን ዙሪያ ለየብቻ መጻፍ የሚገባን። በሃዶኒ ላይ ሁለት ቀለም ያላቸው ክሮች እየተፈራረቁ ጨረር መሰል ዝንጉርጉርነት ማሳየታቸው የተለመደ ነው፤ በጂጋንቲያ ላይ ደግሞ ገበታው ቡላ ወይም ቡናማ ሆኖ ክሮቹ ሐምራዊ፣ ጥልቅ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ሊሆኑ ይችላሉ። ይኸው አኔሞኒ መብራቱ ሲለወጥ፣ ዋቅላሚዎቹም ሲበዙ ወይም ሲያንሱ፣ ከወራት በኋላ ሊጠቁር ወይም ሊፈዝ ይችላል፤ የመስመሮቹ አሰላለፍ ግን ከቀለሙ ድምቀት ይልቅ የሚታመን ምልክት ነው።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ነጩና ቢጫው ነው። በጉዞና በብርሃን እጥረት ዋቅላሚዎቹን ያጣ አኔሞኒ ይነጣል፤ ብርሃን የሚያሳልፍ ነጭ ወይም ፈዛዛ ቢጫ ይሆናል፤ ይህም እንደ ብርቅ ቀለም ተቆጥሮ የሚሸጥበት ጊዜ አለ። የተራበ ፍጥረትን እንደ ጌጥ መሸጥ እጅግ ያሳዝነኛል። በሰው ሠራሽ ቀለም የተነከረም አለ፤ ክሮቹ፣ ገበታውና ግንዱ ሁሉ አንድ ዓይነት ደማቅ ቢጫ ወይም ሮዝ ከሆኑ መጠርጠር ይገባል፤ ተፈጥሮ በዚህ መልኩ ከእግር እስከ ራስ አንድ ቀለም አትቀባምና። ነጭ መስመር ያለው ጤነኛ ሃዶኒ ግን ከእነዚህ የተለየ ነው፤ በነጮቹ መስመሮች መካከል ያለው ሥጋ ቡናማነቱን እንደያዘ ይታያል።

በእኛ አካባቢ ይህን ፍጥረት ለማቆየት የሚነሣ ሰው ከቀለሙ በፊት ሊያስብባቸው የሚገቡ ሌሎች ጉዳዮችም አሉ። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ ስለዚህ ጨው ከመቀላቀሉ በፊት ውኃውን በጥሩ ማጣሪያ ማሳለፍ ያስፈልጋል። የጨዋማነቱ መጠን በሊትር ወደ 35 ግራም፣ ሙቀቱ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ገንዳውም ብዙ ወራት የቆየና የተረጋጋ መሆን አለበት። ሃዶኒ ትንንሽ ዓሦችን ይዞ ስለሚበላ አብረውት የሚኖሩት በጥንቃቄ ይመረጡ።

ፎቶ ለሚልኩልኝ ወዳጆች ሦስት ምስሎችን እጠይቃለሁ፤ አንደኛው ከላይ በነጭ ብርሃን የተነሣ፣ ሁለተኛው ግንዱንና ነጥቦቹን የሚያሳይ፣ ሦስተኛው አፉን በቅርብ የሚያሳይ ነው። ሦስተኛው ምስል ላይ አፉ ላልቶና ተከፍቶ ከታየ የጤና ማጣት ምልክት ስለሆነ፣ ቀለሙ የፈለገውን ያህል ብርቅ ቢሆን ገንዘባችሁን ያዙ እላቸዋለሁ።