ትንፋሽ አጥሮኝ ሰው ገደልኩ

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሰው ገድያለሁ። ደግነቱ ሟች በሕይወት አለ። አዲስ አበባ ነው የሚኖረው፤ በሞተበት ሰዓት እንቅልፍ ላይ ነበር።

ነገሩ የጀመረው በቦርጬ ነው። ወንበር ላይ ተቀምጬ እየዋልኩ ያሳደግኩት ቦርጭ የሱሪዬን ቁልፍ ሁለቴ በጠሰው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ አይቶ አዘነልኝ መሰለኝ፣ «ቅዳሜ ቅዳሜ ንጋት ላይ የምንሮጥ ልጆች አለን፤ ለምን አትመጣም?» አለኝ። ሄድኩ። ለ12 ሩብ ጉዳይ ላይ ጎንደር ፒያሳ ተገናኘን። አሥራ ሁለት ነን። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ፋሲል ግንብ አጥር ሥር እጅና እግራችንን አፍታተን ወደ ቁስቋም አቀበት ጀመርነው።

መንገዱ የሯጭ ብቻ አይደለም። ቅዳሜ ደግሞ የጎንደር ገበያ ነው። እንጨት የጫነ አህያ ይወርዳል፣ ዶሮ ያንጠለጠለ ሰው ይወርዳል፣ ነጠላ ያጣፋ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ይወጣል። አህያ ለሯጭ መንገድ አይለቅም፤ አንተ ነህ ቦይ ውስጥ የምትገባው። ቄስ ከመጡ ደግሞ ቆመህ መስቀል ትሳለማለህ። ያን ቀን ሦስት ቄስ ተሳልሜያለሁ። መንፈሳዊነት እንዳይመስላችሁ፤ ዕረፍት ፍለጋ ነው።

አሰልጣኛችን («ኮች» ነው የምንለው) ሳንነሳ አንድ ነገር ነግሮኝ ነበር። «ከጎንህ ካለው ሰው ጋር እያወራህ መሮጥ ካቃተህ ፈጥነሃል ማለት ነው። ያኔ ቀንስ። ሰዓት ምናምን አያስፈልግህም።» ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው፤ አቀበት ሲጨመርበት ለጀማሪ ቀልድ የለውም። ምክሩ ገብቶኝ ነበር። ችግሩ አንዲት ጡረታ የወጡ ሴትዮ «ና በርታ ልጄ» ብለውኝ አለፉ። በቃ፣ ክብሬ ተነካ። የእኛ አገር ሯጭ በሰልፍ ሲሮጥ የፊተኛውን ተረከዝ እያየ እሱ ባነሳበት ላይ ይጥላል አይደል? እኔም የእሳቸውን ተረከዝ ይዤ ተከተልኩ። አሥር ደቂቃ ያህል እንደሄድን ከጎኔ ካለው ሰው ጋር ማውራቱ ቀርቶ በልቤ መጸለይም አቃተኝ።

አበበ ቢቂላ ቶኪዮ ላይ ማራቶኑን ካሸነፈ በኋላ ሜዳው ላይ ተኝቶ ሰውነቱን ሲያፍታታ ነበር። እኔ በሦስተኛው ኪሎ ሜትር አንድ የቆርቆሮ በር ደገፍ ብዬ ቆምኩ። ኮች ፊቴን አይቶ ደነገጠና ሁሉንም አስቆመ።

አሁን ሁኔታውን በዓይነ ሕሊናችሁ ሳሉት። ገና ጎሕ እየቀደደ ነው። አሥራ ሁለት ሰው በር ላይ ቆሟል። ማንም አይናገርም። ገሚሱ ጉልበቱን ይዞ አንገቱን ደፍቷል። አንዱ ነጭ ፎጣ ተከናንቧል። አንዱ ብርዱ አፍንጫውን ስላፈሰሰው ይናፈጣል። ኮች ኮፍያውን አውልቆ ፊቱን ይጠርጋል። ከሁሉም ፊት እኔ፣ ዓይኔ ቀልቶ፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ።

በሩ ተከፈተ። አንዲት እናት ነጠላቸውን አጣፍተው ኪዳን ሊያደርሱ ሲወጡ እኛ ላይ ተደናቀፉ።

መርዶ በስንት ሰዓት፣ በስንት ሰው፣ እንዴት ባለ ዝምታ እንደሚመጣ ለናንተ አልነግርም።

«ማነው?» አሉኝ። ድምፃቸው ተንቀጠቀጠ።

«አንድ ጊዜ» ልል እጄን አነሳሁ። አፌን ከፈትኩ። የወጣው «እ… እ…» ብቻ ነው።

«አዲሳባ ያለው ልጄ ነው?»

እዚህ ላይ ራሴን ልከላከል። ትንፋሽ በኃይል ሲሳብ ጭንቅላት ወደ ላይና ወደ ታች ይላል። እኔ አየር እየሳብኩ ነበር። እሳቸው ግን «አዎ» ያልኩ መሰላቸው።

«ኧረግ ልጄን! ልጄን!» ሰፈሩ ተናወጠ።

ኮች ሮጦ መጣ። «እማማ፣ ማንም አልሞተብዎትም! ስፖርት ነው፣ ስፖርት!»

«ወይኔ! ስፖርት ገደለው?»

ጎረቤት በር በሩን ከፍቶ ወጣ። አንዷ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ነው የወጣችው፤ መቼ እንደደረሰችበት እንጃ። አንድ ሽማግሌ የኮችን እጅ ይዘው «እግዜር ያጥናችሁ» አሉት። የዕድሩ ጡሩምባ ነፊ ደግሞ ጡሩምባውን በብብቱ ይዞ ከች አለ። ጠጋ ብሎ በጆሮዬ፣ «ማን ብዬ ልንፋ?» አለኝ። አሁንም መናገር አልቻልኩም።

በመጨረሻ ተረከዛቸውን የተከተልኳቸው ሴትዮ ስልክ አስመጥተው ልጁ ጋ አስደወሉ። ሰባት ጊዜ ጠራ። ሰባት ዓመት ነው የመሰለኝ። ስፒከር ላይ ስለነበር ሁላችንም ሰማነው።

«አቤት እማዬ! በዚህ ሰዓት? ምን ሆነሽ ነው? ማን ሞተ?»

እናትየው መሬት ላይ ቁጭ ብለው ሳቅና ለቅሶ ቀላቀሉ። ወዲያው ተነሡና በነጠላቸው ጫፍ ትከሻዬን ሁለቴ ገረፉኝ። ይገባኛል። ከዚያ «ግቡ!» አሉ። «እማማ፣ ገና አራት ኪሎ ሜትር ይቀረናል» አለ ኮች። «አፈር ስሆን! ልጄን ገድላችሁ ቡና ሳትጠጡ ልትሄዱ ነው?» ለዚህ ምን መልስ አለው? ገባን። ሊያለቅስ የመጣው ጎረቤትም ተከትሎን ገባ። ዳቦ በአዋዜ ቀረበ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ጡሩምባ ነፊው ከጎኔ ተቀምጦ ከሁላችን በላይ በላ።

ስልኬን ሳየው የሩጫ መቁጠሪያውን አላጠፋሁትም ነበር። ሦስት ኪሎ ሜትር በ2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ይላል።

ከዚያ ወዲህ ቡድኑ አዲስ ደንብ አለው። ሰው በር ላይ መቆም ክልክል ነው። ቤት ባለበት ስናልፍ ደግሞ በየተራ «ሰላም ነው! ሰላም ነው!» እያልን ነው የምንሮጠው። ይህን ለማለት ትንፋሽ ያጠረው ሰው ፈጥኗል ማለት ነው፤ ይቀንሳል።

ያለፈው ቅዳሜ በዚያ በር ሲያልፉ እማማ ወጥተው ይቆጥሯቸው ነበር አሉ።

«ዘጠኝ፣ አሥር፣ አሥራ አንድ… ያ መርዶ ነጋሪስ? ሞተ እንዴ?»

እኔ ከታች፣ መታጠፊያው ላይ፣ አራተኛውን ቄስ እየተሳለምኩ ነበር።