ሐምሌን ከማሲንቆ አጠገብ

ክረምት ሲገባ ደሴ ላይ ሰው በጊዜ ቤቱ ይከተታል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በጦሳ ግርጌ የተቀመጠች በመሆኗ፣ የሐምሌ ጉም ከተራራው ወርዶ ፒያሳን ሲሸፍናት መብራቱ ያለ ሰዓቱ ይበራል፤ ብርዱም ጋቢ ያስደርባል። ዘንድሮ ግን ምሽቱን ስልክ ላይ አቀርቅሬ ከማሳልፍ ዘፈንን ከባለቤቱ አፍ ልስማ ብዬ በመውጣቴ፣ ክረምቱ እንደወትሮው አልረዘመብኝም።

ደጋግሜ የምሄደው ድምፅ ማጉያ ወደማይገባበት አንድ ጠባብ ቤት ነው። እርጥበት የማሲንቆን ቆዳ ስለሚያላላው፣ አዝማሪው ሥራ ከመጀመሩ በፊት የማሲንቆውን ፊት ወደ ከሰሉ ምድጃ አዙሮ ያሞቀዋል፤ ቆዳውንም በጣቱ መታ መታ እያደረገ ያዳምጣል፤ ሲጠብቅለት የመምቻውን የፈረስ ጭራ በእጣን አሽቶ አንድ ጊዜ ረዘም አድርጎ ይስበዋል። ይህን ዝግጅት ከዘፈኑ ባልተናነሰ እወደዋለሁ።

አንድ ማታ ጥግ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው የተቀመጡ አዛውንት «ተቀበል!» አሉት። «ይበሉኝ ጋሼ» ብሎ ጆሮውን ሰጣቸው።

«ጦሳ ጉም ለበሰ፣ ከነራሱ ጠፋ፤
እኔን ማን ያልብሰኝ፣ ብርዱ እየከፋ።»

አዝማሪው ግጥሙን ተቀብሎ በዜማ ከመለሰው በኋላ፣ ከራሱ ደግሞ ባለቤቲቱ አረቄ ደግማ እንድታለብሳቸው የሚማጸን ስንኝ ጨመረበት፤ ቤቱ በሳቅ ሞላ። ከተቀዳ ዘፈን የማላገኘው ይህንን ነው፤ ካሴትም ሆነ ስልክ ለሰሚው መልስ አይሰጥም።

ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶቻችን ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ በዚሁ በአካባቢያችን ስም የሚጠሩ ናቸው። ሆኖም ማሪቱ ለገሠ የታወቀችበትን አምባሰል ከልጅነቴ ጀምሮ በሬዲዮ ስሰማው የቆየሁ ሰው፣ ከአንዲት ዘፋኝ ፊት ተቀምጬ ስሰማው ትንፋሽ የምትወስድበት ቦታ ራሱ የዜማው አካል መሆኑን ገና አሁን አስተዋልሁ። የወሎ ጭፈራ ላይም እንዲሁ ነው፤ አንገቱና ትከሻው በቴሌቪዥን ይታያል፣ ጭብጨባው ግን እንደ አንድ መሣሪያ የሚቆጠር መሆኑ የሚገባው ከአጨብጫቢዎቹ መሐል ለቆመ ሰው ነው።

ኮምቦልቻም ወርጃለሁ። በሐረጎ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ሚኒባሱ ከጉሙ ሲወጣ አየሩ ይሞቃል፤ ሰዉም ከደሴ ይልቅ ደጅ ማምሸት ይቀናዋል። የገባሁበት መድረክ ግን አላስደሰተኝም። ኦርጋኑና ድምፅ ማጉያው ተባብረው ክራሩን ውጠውት፣ ክራር መቺው ጣቱ ሲንቀሳቀስ ከማየት በቀር አንዲት ክር እንኳ ለይቼ አልሰማሁም። ድምፅ መጨመር ሞቅታ መጨመር የሚመስላቸው አዘጋጆች በዝተዋል፤ ወጣቶቹ ግን በደስታ ይጨፍሩ ስለነበር ቅሬታዬን ለራሴ ያዝሁት።

ነሐሴ ሲብት ፍልሰታ ገባና አዝማሪው ማሲንቆውን ሰቀለ። ከዚያ እስከ ቡሄ ዋዜማ ድረስ ጆሮዬ ጦም አደረ ማለት ይቻላል። በዋዜማው የሰፈሩ ልጆች ዱላቸውን መሬቱ ላይ እየደቁ፣ አንዱ እያወጣ ሌሎቹ እየተቀበሉ፣ በዝናብ ከራሰው በር ላይ ቆሙ። ገንዘቡን ቶሎ የሰጠ ሰው ዘፈኑን በአጭሩ እንደሚያስቀር ስለማውቅ፣ ብሩን በእጄ ይዤ ኪሴን የምፈትሽ መስዬ ቆየሁ። አውጪው ግን ንቁ ልጅ ነበር፤ ኪሳቸው የጠለቀ ጋሼ እስኪነጋ ቢፈልጉም አያገኙም የሚል ግጥም ወዲያው ገጥሞ አወረደብኝ፣ ጓደኞቹም ከበፊቱ አስበልጠው ተቀበሉት። ከያዝሁት ላይ ጨምሬ ሰጠኋቸው።