መኪናው ከመድረሱ በፊት

የመኪና እሽቅድምድም ፎቶ ማንሳት በጀመርኩባቸው ዓመታት ከሁሉም በላይ ያስጨንቀኝ የነበረው መኪናውን ጥርት አድርጎ ማስቀረት ነበር። በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ እየከነፈ የሚያልፍን ነገር ፍሬም ውስጥ ማስገባት በራሱ ትልቅ ነገር ይመስለኝ ስለነበር፣ ቤቴ ገብቼ የቀኑን ሥራ ስገመግም የምጠይቀው ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ ጠርቷል ወይስ ደብዝዟል? የጠሩትን አስቀምጬ የደበዘዙትን እሰርዛለሁ። ከጊዜ በኋላ ያስቀመጥኳቸውን አንድ ላይ ዘርግቼ ስመለከታቸው ግን፣ አንዱን ከሌላው የሚለየው የመኪናው ቀለም ብቻ መሆኑን ተረዳሁ።

ከእነዚያ ፎቶዎች አንዱን እስካሁን አልረሳውም። መኪናው በጎኑ ላይ የተለጠፉት ትንንሽ ጽሑፎች እስኪነበቡ ድረስ ጠርቷል፤ ነገር ግን ከአሽከርካሪው ሄልሜት በላይ፣ ልክ ከራሱ የበቀለ ይመስል፣ የአንድ ነጭ ድንኳን ምሰሶ ቀጥ ብሎ ቆሟል። በዚያ ቦታ ላይ ከሦስት ሰዓት በላይ ስለቆየሁ ምሰሶው በዕለቱ ካነሳኋቸው ፎቶዎች በአብዛኞቹ ላይ ነበረ። ሁለት እርምጃ ወደ ግራ ብል ኖሮ ድንኳኑ ከዛፎቹ ኋላ ይሸሸግ ነበር። በዓይኔ መኪናውን ብቻ እከተል ስለነበር ግን አላየሁትም።

ከዚያ ወዲህ የምሠራበት መንገድ ተገላብጧል፤ አስቀድሜ ቦታውንና ዳራውን እመርጣለሁ፣ መኪናውን የምጠብቀው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን የሚያስገድደው ቀላል ስሌት ነው። በሰዓት 250 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ ወደ 69 ሜትር ይጓዛል፤ በሰከንድ 10 ፎቶ የሚያነሳ ካሜራ ታዲያ በአንዱ ፎቶና በሚቀጥለው መካከል ወደ 7 ሜትር ያመልጠዋል፣ የፎርሙላ ዋን መኪና ርዝመት ደግሞ ከ6 ሜትር አይበልጥም። ጣትን አዝራሩ ላይ ተጭኖ መያዝ እንግዲህ ቅንብሩን ለዕድል መስጠት ነው። መኪናው ሲደርስ ስለ ዳራው፣ ስለ ብርሃኑና ስለ ፍሬሙ ጠርዞች ለማሰብ ጊዜ ስለማይኖር፣ ይህ ሁሉ ሐሳብ ባዶው ትራክ ላይ ማለቅ አለበት። በልምምድ ዙሮች ወቅት ባዶውን መንገድ ደጋግሜ አነሳና አራቱንም ጥጎች እፈትሻለሁ። የቆመ መኪና፣ የተቆረጠ የማስታወቂያ ሰሌዳ ወይም ደማቅ ልብስ የለበሰ ማርሻል (የትራክ ደኅንነት ሠራተኛ) ካለ፣ ከእኔ በስተቀር ሊያስወግደው የሚችል ማንም የለም።

የቁመት ጉዳይ ከሚገባው በታች ትኩረት የሚሰጠው ይመስለኛል። ከፍ ካለ ቦታ ሲነሳ አስፋልቱ ራሱ ዳራ ይሆናል፤ ቀይና ነጭ የተቀቡት የመታጠፊያ ጠርዞችም ዓይንን ወደ መኪናው የሚመሩ መስመሮች ይሆናሉ። ዝቅ ብሎ፣ ካሜራውን ወደ መሬት አስጠግቶ ሲነሳ ደግሞ መኪናው ይገዝፋል፣ ዳራውም ይርቃል። በሁለቱ መካከል ያለው ከፍታ፣ ማለትም ሁላችንም ቆመን የምናይበት፣ ብዙውን ጊዜ አጥሩንና ሰሌዳውን በቀጥታ በሄልሜቱ ቁመት ላይ የሚያሳርፈው ነው።

ከመኪናው ፊት ባዶ ቦታ ይተው የሚለውን ምክር ያልሰማ የለም፣ እኔም በአብዛኛው እከተለዋለሁ። ሆኖም በዝናብ ጊዜ መኪናው ከኋላው የሚረጨው ውሃ ከራሱ ከመኪናው ስለሚረዝም፣ ቦታው ወደ ኋላ መተው ይኖርበታል። ፈረንሳዊው ዣክ ሄንሪ ላርቲግ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ በአንድ ግራንድ ፕሪ የመኪና ውድድር ያነሳው ዝነኛ ፎቶም ይህን ምክር አይከተልም፤ የመኪናው አፍንጫ በፍሬሙ ጠርዝ ተቆርጧል፣ የኋላ ጎማው እንደ እንቁላል ሞልሞል ብሎ ወደ ፊት አዘንብሏል፣ ዳር የቆሙት ተመልካቾች ደግሞ ወደ ኋላ ያዘነበሉ ይመስላሉ። ይህ የሆነው የካሜራው መዝጊያ ቀዳዳ በዚያ ዘመን እንደ ፊልም በሚያገለግለው መስተዋት ላይ ቀስ ብሎ ሲያልፍ ላርቲግ ካሜራውን ከመኪናው ጋር ያዞር ስለነበር ነው። ያንን ፎቶ ባየሁ ቁጥር የሁለቱ ዝንባሌዎች ግጭት የትኛውም የጠራ ፎቶዬ የሌለውን ፍጥነት ያሳየኛል።

ፓኒንግም፣ ማለትም ካሜራውን ከመኪናው ጋር እያዞሩ ማንሳት፣ ከሹተር ስፒድ (መዝጊያው ክፍት ሆኖ የሚቆይበት ጊዜ) ምርጫ ያለፈ የቅንብር ጉዳይ ነው። በ1/1000 ሰከንድ የተነሳ መኪና ጎማዎቹ ስለሚቆሙ መንገድ ዳር የቆመ ይመስላል፤ በ1/60 ሰከንድ ግን በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ከ90 ሳንቲ ሜትር በላይ ስለሚጓዝ፣ ካሜራው እኩል ከተከተለው ጎማው ይሽከረከራል፣ ዳራው ወደ አግድም መስመሮች ይቀልጣል። እግሮቼን መኪናው እኔ ፊት ለፊት ወደሚደርስበት አቅጣጫ ተክዬ፣ ከወገቤ ወደሚመጣበት እዞራለሁ፤ ከዚያ ሰውነቴ እንደ ተጠመዘዘ ገመድ ራሱን እየፈታ ይከተለዋል፣ አዝራሩን ከተጫንኩ በኋላም መዞሬን አላቋርጥም። ዘግይቼ የተማርኩት ነገር ቢኖር የቀለጠ ዳራም መመረጥ እንዳለበት ነው፤ አንድ ነጭ ሰሌዳ ሲቀልጥ ሄልሜቱን አቋርጦ የሚያልፍ ነጭ መቀነት ይሆናልና። ጥቁር አረንጓዴ ዛፎች ወይም ጥላ ያረፈበት ግድግዳ ይሻላል።

በፎርሙላ ዋን ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግዴታ የሆነው ሄሎ የተሰኘው የራስ መከላከያ ቅስት ሌላ ጥያቄ አምጥቷል። የመሐሉ ምሰሶ ከፊት ለፊት ሲታይ የአሽከርካሪውን ፊት ለሁለት ይከፍላል። ትንሽ ወደ ጎን መሄድ ወይም ከፍ ማለት ግን በምሰሶውና በቅስቱ መካከል የሄልሜቱን መስኮት ይከፍታል፣ እጆቹም መሪው ላይ ይታያሉ። በእሽቅድምድም ፎቶ ውስጥ ሰው መኖሩን የሚያሳውቀው ይህ ትንሽ ክፍተት ስለሆነ፣ ለእሱ ስል ቦታ ለመቀየር አልሰንፍም።

ረጅም ሌንስ ያለው ሰው መኪናውን ፍሬሙን እስኪሞላ ማቅረብ ይወዳል። እኔ ግን ቦታው ራሱ ሲናገር መኪናውን ማሳነስ እመርጣለሁ። በቤልጂየሙ የስፓ ፍራንኮርሻምፕ ትራክ ኦ ሩዥ ከተሰኘው መታጠፊያ ወደ ራዲዮን መታጠፊያ የሚወጣውን ዳገት መኪናው ብቻውን ሊያሳየው አይችልም፤ በሞናኮም ከመንገዱ በላይ የተደራረቡት ሕንፃዎችና በረንዳዎች ከተቆረጡ ትራኩ የትም ሊሆን ይችላል። ካሜራን ሆን ብሎ ማጋደልን በተመለከተ ያለኝ አቋም ግልጽ ነው፣ አልወደውም፤ ሜዳውን የሐሰት ዳገት ያደርገዋል፣ እውነተኛው ዳገት ላይ ደግሞ ምሰሶዎቹ ቀጥ ብለው ካልቆሙ አቀበቱ አይታወቅም።

በቅርቡ ወደዚያ የድንኳን ምሰሶ ወዳለበት መታጠፊያ ተመልሼ ሄድኩ። ሁለት እርምጃ ወደ ግራ ብዬ፣ ተንበርክኬ፣ በሁለት ዛፎች መካከል ያለውን ጨለማ ክፍተት ፍሬሙ ላይ ካስቀመጥኩ በኋላ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ የአስፋልቱን ጠርዝ እስክትነካ ድረስ አዝራሩን ሳልጫን ጠበቅኩ። ከዚያ በኋላ ያነሳሁት ዘጠኝ ፎቶ ብቻ ነው። በአንደኛው ላይ ቢጫው ሄልሜት በትክክል ክፍተቱ ውስጥ ገብቷል፤ የፊት ጎማው ቀዩን ጠርዝ ሲረግጥ ያስነሳው አቧራም ብርሃኑን ይዞ ከመኪናው ኋላ ተንጠልጥሏል።